እምዬን ልንቀብር ስንል ስሟን አጣነው!

ዛሬ ስለ ኩርፊያም፣ ስለ ቅናትም፣ «ደወልኩለት፣ አላነሳም» ስለሚባለውም አናወራም። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና በዚያው ወደ ራሴ ጉድ ልግባ።

የአያታችሁን የክርስትና ስም ታውቃላችሁ? ሰፈሩ የሚጠራትን አይደለም ያልኳችሁ። መታወቂያዋ ላይ ያለውንም አይደለም። ቄሱ ሲያጠምቋት ያወጡላትን፣ ስትቆርብም ስትሞትም የምትጠራበትን ማለቴ ነው።

«እሱን ደግሞ ባውቀው ምን ሊያደርግልኝ?» የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደናንተው ነበርኩ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ...

የካቲት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር። እምዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አረፈች። እምዬ የምላት አያቴን ነው። እናቴ በአራት ዓመቴ ለእሷ ሰጥታኝ ቤሩት ስለሄደች «እናት» የሚባለውን ነገር ያወቅሁት በእሷ ነው። ወላጅ እናቴ ለእኔ ብዙ ዘመን የስልክ ድምፅ ነበረች። ስትናፍቀኝ እንኳ ፊቷ ሳይሆን ድምፅዋ ነበር የሚመጣብኝ።

ሊነጋጋ ሲል ካህናቱ ለግንዘት መጡ። እኔ ጥግ ላይ ተኮራምቼ እንሰቀሰቃለሁ። ገና ጢም ያላበቀለ ዲያቆን ወደኛ ዞር ብሎ በለስላሳ ድምፅ «የእናታችን የክርስትና ስም ማን ነው?» አለ።

ዝም!

አጎቴ ወደኔ አየ። እኔ ወደ አጎቴ ሚስት አየሁ። እሷ ወደ ጎረቤቶቹ አየች። ጎረቤቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከሃያ ሰው በላይ አለ። ከእምዬ እጅ ያልበላ፣ ከጋኗ ያልጠጣ አንድም የለበትም። ስሟን የሚያውቅ ግን ጠፋ! የንስሐ አባቷ እንዳይጠየቁ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። አዲሱ ደግሞ ለዘመድ ለቅሶ ገጠር ወርደዋል። አጎቴ እየተንቀጠቀጠ ቤሩት ደወለ። እናቴ እንደ ምንም ትንፋሽዋን ሰብስባ «ወለተ... ወለተ...» አለችና እዚያው ላይ ቀረች። «ወለተ» እኮ የብዙ ሴቶች ስም መነሻ ነው፤ ስሙ ያለው ከእሱ በኋላ ነው!

ነገሩ ለማይገባችሁ ላስረዳ። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ ሌላ ስም ያወጣሉ። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል... ቤተሰብ የሚያወጣው ስም ለጎረቤትና ለገበያ ነው። ሲቆርቡም፣ ፍትሐት ሲፈታም፣ ለነፍስ ሲጸለይም የሚጠራው ግን የጥምቀቱ ስም ነው። ሰው ያለዚያ ስም ሲሸኝ ለቤተሰቡ ምን ዓይነት ኀፍረት እንደሆነ አስቡት።

በዚህ መሃል አንዲት ዓይናቸው የደከመ እማሆይ በልጅ ተመርተው ገቡ። የእምዬ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉና «እናንተ ልጆች! ከእናንተ ጋር ስትኖር የማን ቤት እንግዳ ነበረች?» አሉ። ከዚያ ስሟን ጠሩት። ዲያቆኑም ተቀበላቸው።

ያን ስም በሕይወቴ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። «መሰለኝ» ያልኩበትን ምክንያት ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ተከራይዋና አከራይዋ

እምዬ ጠላ ሻጭ ነበረች። ቤታችን ከቁስቋም ኮረብታ በታች ያለ የቀበሌ ቤት ነው። ከበራችን ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰካ ጣሳ ነበር። የጎንደር ልጅ ከሆናችሁ ያ ጣሳ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «ጠላ አለ፣ ግቡ» ነው የሚለው። ጌሾዋን ትወቅጣለች፣ ብቅሏን ታስፈጫለች፣ ጋኗን በወይራ ታጥናለች፣ ትጠነስሳለች፣ ትደፈድፋለች፣ ታጠላለች። እጇ ሁልጊዜ የጌሾ ሽታ አለው። ደብተሬም፣ ዩኒፎርሜም፣ ጫማዬም የተገዛው ከዚያ ጋን ነው። ከቤሩት የሚመጣው ብር እናቴ የሄደችበትን ዕዳ ለመክፈል እንኳ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እኔ ግን 10ኛ ክፍል ስደርስ በጠላ ቤታችን ማፈር ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ፋራ መባል ከሞት የሚከፋበት ዕድሜ ነዋ! ያኔ ደግሞ የሚከታተለኝ አንድ ልጅ ነበር። ፒያሳ አካባቢ የሚኖር፣ ፀጉሩን የሚያበጥር፣ «ደብተር ልዋስሽ» እያለ የሚሸኘኝ። አንድ ቀን እምቢ ብለው እስከ በራችን ድረስ ተከተለኝ። እምዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ታጠላለች። ቀሚሷ በአተላ ተረጭቷል።

«ማናቸው?» አለኝ።

«አከራያችን ናቸው» አልኩት!

አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። እሷም ሰምታለች። ብድግ አለች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «እንዴት ዋልክ ልጄ፤ ግቡ እንጂ። ጥሩ ተከራዮች ናቸው፣ ኪራይ አሳድረውብኝ አያውቁም» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ልጁ ሄደ። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ማታ ግን ወጡን አቅርባ «ተከራይ፣ ነይ እራት ብይ» አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ደግሞ እንባዬ የመጣው ሳልስቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቤት ውስጥ «ተከራይ» ሆኖ ቀረ። ያን ልጅ በሦስት ወር ረሳሁት፤ ይህን ስም ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር ሦስት ቀን ተሸፋፍኜ ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ጋቢውን ገፈፈችኝና «ስምሽን አንቺው ትጽፊ የለም ወይ? እኔ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። ዛሬ በየሳምንቱ ጽፌ የምበላው ያን ቀን ስለተነሳሁ ነው።

እቴጌይቱ እንኳ ሦስት ስም አላቸው

የኛ ሰፈር ልጅ የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ በነፃ ነው የሚማረው። ቱሪስት በመጣ ቁጥር ከአስጎብኚው ኋላ እየተከተልን እንሰማ ነበር። እቴጌይቱ የቋራ ልጅ ናቸው። የአፄ በካፋ ሚስት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት፣ የኢዮአስ አያት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1730 ልጃቸው በሕፃንነቱ ሲነግሥ እሳቸውም ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳድረዋል። ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ልጃቸው በ1755 ሞተባቸው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ደግሞ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ተገደለባቸው። ያንን ሁሉ አይተው በ1773 አረፉ። የሦስቱም አፅም ነው የሚባለው በመስታወት ሣጥን ሆኖ እዚያው ቁስቋም ይገኛል።

ልብ በሉልኝ፤ እኚህ ሴት የሞቱት ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ግን የመጠሪያ ስማቸው ምንትዋብ፣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ እንደነበር ዛሬም ይታወቃል። የእኔ እምዬ ከሞተች ሦስት ሰዓት ሳይሞላት ስሟ ጠፋ!

ኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ነው። አንድ ዓመት ከእምዬ ጋር ሄጄ ሳለ ከዚያ ሣጥን ፊት ቆማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይችም ንግሥት ሆና ልጇን ቀበረች» አለች። «ይችም» ነው ያለችው። እኔ ግን ጆሮዬ የሰማው ስለ ንግሥቲቱ ብቻ ነበር። «ም» የምትለዋን ፊደል አልሰማኋትም።

በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

በሠልስቱ ማግሥት ሣጥኗን ከፈትን። ያልተለበሰ ጥበብ ቀሚስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዕጣን፣ እናቴ የላከችላትና አንድ ቀን ያልታጠበችበት ሦስት ሳሙና፣ የእኔ የ12ኛ ክፍል ጉርድ ፎቶግራፍ። ከሁሉም በታች በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ነበር። ዘረጋሁት። ዘጠኝ ስም ተጽፎበታል። «ገብረ...»፣ «ወለተ...»፣ «ኃይለ...» እያለ ይወርዳል።

እምዬ አትጽፍም አላልኳችሁም? ጽሕፈቱ የእኔ ነው!

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመለሰልኝ። 2001 ዓ.ም. ነው፤ 6ኛ ክፍል ነኝ። ጓደኞቼ ውጭ ሱዚ ዘርግተው እየጠሩኝ ነው። እምዬ «ነይ እስኪ፣ ለካህኑ የምሰጠው ነው፤ ስም ጻፊልኝ» አለችኝ። እየቆመች እየቀጠለች ትነግረኛለች። እኔ እግሬ ደጅ ነው። «እሺ፣ ቀጥሎ? እሺ፣ ቀጥሎ?» አራተኛው ስም ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝና «ቶሎ በይ እንጂ እምዬ!» አልኳት።

ቶሎ አለችልኝ። ስምንቱን ከጨረሰች በኋላ «ይችን ደግሞ ከታች፣ ራቅ አድርገሽ ጻፊያት» ብላ ዘጠነኛውን ነገረችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ጽፌ ሮጥኩ።

ከታች፣ ራቅ ብላ የተጻፈችው የራሷ ስም ነበረች። ያን ሌሊት ዲያቆኑ ሲጠይቅ፣ እኔ አፌን ይዤ ስቆም፣ መልሱ በገዛ ጽሕፈቴ ከአልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ!

ወረቀቱን ይዤ እማሆይ ዘንድ ሮጥኩ። አጎቴም ተከተለኝ። አነበብኩላቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መለሱልን። አንደኛው አባቷ ነው። ሁለተኛዋ እናቷ። ሦስተኛው አያታችን፣ ግንበኛው ባሏ። አምስተኛውና ስድስተኛዋ በኩፍኝ የሞቱባት ሕፃናት። ሰባተኛዋ ከገጠር ጠፍታ ስትመጣ ቤቷ ያስገባቻት፣ ጠላ መጥመቅ ያስተማረቻት ሴትዮ።

«አራተኛው?» አለ አጎቴ።

እማሆይ ዝም አሉ። ከዚያ «የበኩር ልጇ ነው፤ ታላቅህ» አሉት።

አሁን እዚህ ላይ ላቁምና ልንገራችሁ። አጎቴ ታላቅ ወንድም እንደነበረው ያውቃል። «በ1970 ሱዳን ገባ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ» ተብሎ ነው ያደገው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ከጎንደር በመተማ በኩል ሱዳን የገባው ወጣት ብዙ ስለሆነ ነገሩን የተጠራጠረ የለም። አጎቴ ጎልማሳ ሲሆን መተማ ድረስ ወርዶ ከሱዳን ተመላሽ ባገኘ ቁጥር ስሙን ያጠያይቅ ነበር። እምዬ ስንቁን ቋጥራ ነበር የሸኘችው። በሶውን በጥብጣ፣ ዳቦ ቆሎውን ጠቅልላ። «አትሂድ» አላለችውም። «ሂድ»ም አላለችውም።

ልጁ ሱዳን አልገባም ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ሌሊት ከመንገድ ተወስዶ ተገደለ። አስከሬኑን አላገኘችም። ወሬውን የነገራት ሰው «እንዳታለቅሺ፣ ቀሪዎቹን ልጆችሽን ታስጨርሻለሽ» ብሎ አስጠንቅቋት ሄደ። ያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ፣ ከል መልበስ ራሱ የሚያስጠይቅ ነበርና። እሷም ያን ሳምንት እንደ ወትሮው ጠንስሳ፣ እንደ ወትሮው ጣሳውን በሯ ላይ ሰቅላ፣ ለገባ ለወጣው ቀዳች። ምናልባትም ከጠጪዎቹ መሃል...! አልቀጥለውም።

አጎቴ «ለምን አልነገረችኝም? መንግሥቱ ሲወድቅስ? ያ ሁሉ ዓመት ስጠይቅ እያየችኝ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

እማሆይ እንዲህ አሉት፦ «ሞተ ብላ ከተናገረች ማልቀስ ሊኖርባት ነው። ያን ጊዜ ማልቀስ ክልክል ነበር። ሲፈቀድ ደግሞ እንባው አልመጣ አላት። ለእኔም የነገረችኝ በጆሮዬ ነው፤ በማኅበሩ ጸሎት ላይ ስሙ እንዲገባ ብላ።»

እኔ በእምዬ ላይ የመፍረድ አቅም የለኝም። ግን ውሸት አልነግራችሁም፤ አጎቴ ተቀይሟታል። ዝምታዋ ቀሪዎቹን ልጆቿን አትርፎ ይሆናል፤ ግማሽ ዕድሜውን ደግሞ የሞተ ሰው ሲፈልግ አኑሮታል። ሁለቱም እውነት ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። አጎቴ ተመልሶ ገባና በእናቱ ለቅሶ ላይ፣ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ ወንድሙን አለቀሰ። ለቀስተኛው የቱን እንደሚያለቅስ አላወቀም። እኔ አውቄያለሁ።

ስምንተኛዋ

ስምንተኛዋን እማሆይም አላወቋትም። «ጠይቄያት ነበር። ‹ያገር ቤት ናት› ብላ ዝም አለች» አሉኝ።

ከአርባዋ በኋላ አጎቴና እኔ ወገራ ወጣን። እምዬ የተወለደችው ከአምባ ጊዮርጊስ ገባ ብሎ ባለ ደጋ ነው፤ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ። መታወቂያዋ በ1925 ተወለደች ይላል፤ ጸሐፊው ፊቷን አይቶ የገመተው ነው። እሷ ግን «ጣሊያን ጎንደርን ሲለቅ እናቴ አዝላኝ ነበር» ትል ነበር። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ልደቷ 1932 ገደማ ይሆናል። በመታወቂያ ብቻ ሰባት ዓመት አስረጅተዋታል! በአገራችን ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ በሕግ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እምዬ ስትሞት ተመዘገበች፤ ስትወለድ የመዘገባት የለም።

ደጋው ብርድ ነው። የገብስ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌዎች። አንዱ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የእናቴን ስም ነገርኳቸው። «እሺ፣ የማን?» የእምዬን ነገርኳቸው። «እሺ፣ የማን?» እዚህ ላይ አለቀብኝ። ሽማግሌው ሳቁብኝ። በእሳቸው ዘመን ሰው ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር፤ ለጋብቻም እንዳይዛመድ፣ ለርስትም እንዳይነቀል። በአማራ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ የሴት አያትን ስም አለማወቅ መሬት ማጣት ነበር። በ1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ ሁሉ ቆጠራ ለመሬት መጥቀሙ ቀረ። መቁጠሩም አብሮ ቀረ።

የእምዬን ነገር የሚያስታውሱ ሁለት አሮጊቶች አገኘን። «ያች ከባሏ ቤት የጠፋችው?» አሉ። በዘጠኝ ዓመቷ ነው የዳሯት። (ዛሬ የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ያኔ የሚጠይቅ አልነበረም።) ሁለቴ ጠፍታ ሁለቴ መለሷት። በሦስተኛው ገብስ ተሸክመው ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከሚወርዱ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ወረደች፤ አልተመለሰችም። ስትጠፋ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር።

«ስምንተኛዋስ?» አልኳቸው። ስሙን ነገርኳቸው። አንደኛዋ «ታናሽ እህቷ ትሆናለች፤ በዚያው ዓመት ሞታለች» አሉ። ሁለተኛዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እህቷ አይደለችም። ጥላት የሄደችው ሕፃን ነበረች» አሉ። ሁለቱ አሮጊቶች ተከራከሩ። እኔና አጎቴ መሃላቸው ቁጭ ብለን ከአንዷ ወደ አንዷ እናያለን። አልተስማሙም። የጥምቀት ስሟን የሚያውቅ ካህን ደግሞ በሕይወት የለም።

እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅንም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እምዬ ያን ስም ከስልሳ ዓመት በላይ ይዛ ኖራለች። በየወሩ አስጠርታዋለች። አንድ ቀን ደግሞ ለልጅ ልጇ ጮክ ብላ ተናግራዋለች። የልጅ ልጇ ግን ሱዚ ልትዘል ቸኩላ ነበር።

እናንተስ?

ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምክር ነው፤ ከፈለጋችሁ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

አያታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ የክርስትና ስማቸውን ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉ። የጻፋችሁበትን ቦታም አትርሱ! እምነታችሁ ሌላ ከሆነም የወላጆቻቸውንና የሞቱባቸውን ልጆች ስም ጠይቁ። ስም ካለ ታሪኩን ማግኘት ይቻላል። ስሙ ከጠፋ ግን ምኑን ትይዛላችሁ?

ስትጠይቁ እንደ መርማሪ ፖሊስ ደብተር ዘርግታችሁ ፊት ለፊት አትቀመጡ። እናቶቻችን እንዲያ ሲሆን «ምን ታሪክ አለኝ ብለህ ነው» ይላሉ። ምስር ሲለቅሙ አብራችሁ ልቀሙ። ቡና ሲቆሉ አጠገባቸው ሁኑ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አንደበታቸው ይፈታል። ጥያቄያችሁም ትንሽ ይሁን፤ «ሕይወትሽ እንዴት ነበር?» ሳይሆን «መጀመሪያ ያደረግሽው ጫማ ምን ዓይነት ነበር? ክርስትና እናትሽ ማን ነበረች? ይሄን ጾም ለማን ነው የምትጾሚው?» በሉ። ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን በሞባይላችሁ ቅዱ።

ዝም ሲሉ ደግሞ «ቶሎ በይ» አትበሉ። ይህን ከእኔ ተማሩ። ዝም ያሉበት ቦታ ነው ነገሩ ያለው። መናገር ካልፈለጉ አታስገድዷቸው፤ ግን አብራችሁ ዝም በሉ። ያን ቀን አራተኛው ስም ላይ አብሬያት ዝም ብል ኖሮ ምናልባት አጎቴ የወንድሙን ለቅሶ ከእናቱ ጋር ያለቅስ ነበር። ምናልባት ስምንተኛዋን ዛሬ አውቃት ነበር። ምናልባት ነው የምለው፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔ አሁን በየወሩ በ6 ቁስቋም ስም አስጠራለሁ። ዘጠኙንም፤ ስምንተኛዋ ማን እንደሆነች ሳላውቅ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤሩት እደውልና እናቴን አንድ አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ። የመጀመሪያው እሁድ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» ስላት መስመሩ የተቆረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። አልቸኮልኩም። ካርዴ እያለቀ ጠበቅኋት። ከዚያ ነገረችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇ ሆኜ የማላውቀውን ስም።

ይህ ዓምድ የሰው ስም አያወጣም፤ ስለዚህ የሁለቱንም አልነግራችሁም። እኔ ዘንድ ግን ተጽፏል።

ልትሞት አካባቢ እምዬ እጄን ያዝ አድርጋ «ተከራይ፣ ቤቱን ለቀቅሁልሽ» ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። ዛሬ ማታ ደውሉ!